ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ማውጣት፦ የጎንደር ዘፈን ስንኞችን ለመፍታት

በጎንደር አዝማሪ ቤት ማሲንቆው ሲገዘገዝ አንዱ ከጥግ ተነስቶ «ተቀበል!» ይላል። ሁለት ስንኝ ይወረወራል። ግማሹ ቤት በሳቅ ይፈርሳል፤ ሌላው ግማሽ ግራ ተጋብቶ የጎረቤቱን ፊት ያያል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግራ ለተጋባው ግማሽ ነው። ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል እንዴት እንደሚይዙት፣ ስንኙ ወደ የትኛው ንጉሥ፣ ወደ የትኛው ጦርነት እንደሚጠቁም እንዴት እንደሚያጣሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሰሙ (ከላይኛው ፍቺ) ሥር የሌለ ወርቅ (ድብቅ ፍቺ) እንዳይፈጥሩ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ደረጃ በደረጃ ያሳያል።

የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ አይደለም፤ ብዙ ይሰርዛሉ)፣ ደህና የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የነገሥታቱ ስመ መንግሥትና ዘመን የተዘረዘረበት ወረቀት። ከዚህ በታች በምሳሌነት የቀረቡት ስንኞች ለማሳያ ብቻ የተገጠሙ ናቸው፤ ከማንም ዘፈን አልተወሰዱም።

1. መጀመሪያ በጆሮ ይጻፉ

ሰው የጻፈውን ግጥም ገልብጠው አይጀምሩ። የጻፈው ሰው ፍቺውን አስቀድሞ ወስኖ ሊሆን ይችላል። ዘፈኑን አንድ ጊዜ ምንም ሳይጽፉ ይስሙት፤ ሁለተኛ ጊዜ እያቆሙ ይጻፉ፤ ሦስተኛ ጊዜ ፍጥነቱን ቀንሰው ያስተካክሉ። «እህህ»፣ «ሆይ ሆይ»፣ «እሰይ» የመሳሰሉትን በቅንፍ ያስቀምጧቸው፤ የስንኙ አካል አይደሉም።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይኖራል ነው። «ሰፊ» ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነ፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋ ሰው። ዘፋኝ ደግሞ ለዜማው ሲል የጠበቀውን ያላላል፣ የላላውን ያጠብቃል። ስለዚህ የሰሙትን እንደሰሙት ይጻፉና በጠበቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ ያጠራጠርዎ ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት። የጥያቄ ምልክት ያለበት ቃል ብዙ ጊዜ ቁልፉ ራሱ ነው።

ይህን ስንኝ ይመልከቱ፦

አባይን አምኜ ጉድጓዴን ደፍኜ፣
ውሃ ጥም ገደለኝ ከወንዙ ዳር ሆኜ።

ጸሐፊው «ዓባይን» ብሎ በዓይኑ ዐ ቢጽፈው ወንዙ ብቻ ይቀራል፣ ግጥሙም ይሞታል። «አባይ» ሲላላ ዋሾ ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ያደገበት ሰው ወንዙንና ዋሾውን ባንድ ጆሮ ይሰማቸዋል። ፍቺው እስኪለይ ድረስ ቃሉን የሚዘጋ አጻጻፍ አይምረጡ።

2. ስንኙ የማን እንደሆነ ይለዩ

በአዝማሪ ቤት ግማሹ ግጥም የአዝማሪው አይደለም። «ተቀበል» ያለው ሰው የሰጠውን አዝማሪው እየደገመ በዜማ ያስገባል። ስለዚህ በስንኙ ውስጥ የተጠራ ስም የታሪክ ሰው ከመሰለዎ በፊት ማዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ ስም እንዳይሆን ያጣሩ። ለሽልማት የሚባል ሙገሳ አለ፣ ለቀልድ የሚባል ዘለፋ አለ። የስንኙ ባለቤት ሲለወጥ ወርቁም ይለወጣል። ደብተርዎ ላይ «ከአዝማሪው» ወይም «ከተቀበል ባዩ» ብለው ምልክት ያድርጉ፤ ካልታወቀ ደግሞ ባዶውን ይተውት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት የራሳቸው የምስጢር ቋንቋ አላቸው። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ናት፤ ከዚያ የወጣ አዝማሪ ባልደረባውን በዘፈን መካከል አንድ ነገር ሊነግረው ይችላል። መዝገበ ቃላት የማያውቀው ቃል ባጋጠመ ቁጥር ግእዝ ነው፣ የጥንት አማርኛ ነው ብሎ መፈላሰፍ ያሳስታል። ባለሙያውን መጠየቅ ይቀላል።

3. ቤቱን ይቁጠሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን ብዙ ስሕተት የሚያዘው እዚህ ነው። የተለመዱት የቤት ዓይነቶች ሦስት ናቸው፦ በ4 እና 4 ቀለም የሚሄደው ቡሄ በሉ ቤት፣ በ5 እና 5 የሚሄደው ሰንጎ መገን፣ በ6 እና 6 የሚሄደው የወል ቤት። የሚቆጠረው ፊደል አይደለም፣ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ድምፅ ነው። «ካሳ ካልመጣልኝ መች ይደርቃል ደሙ» 17 ፊደል አለው፤ ሲነገር ግን ካ–ሳ–ካል–መ–ጣ–ልኝ፣ መች–ይ–ደር–ቃል–ደ–ሙ፣ 12 ነው። ስንኙ በ6 እና 6 ሲሄድ ቆይቶ አንዱ ጋ 7 ወይም 8 ከሆነብዎ ቃል አሳስተው ሰምተዋል ወይም ማጀቢያ ድምፅ አስገብተዋል። ተመልሰው ያዳምጡ።

4. ሰሙን እስከ መጨረሻው ይፍቱት፤ ከዚያ ስንጥቁን ይፈልጉ

ጀማሪ የሚሳሳተው ወደ ወርቁ በመሮጥ ነው። መጀመሪያ ስንኙ ምንም ምስጢር እንደሌለው ቆጥረው በተራ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት። ከዚያ «ይህ ነገር በእውነተኛው ዓለም እንደዚህ ይሆናል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። የማይሆንበት ቦታ ስንጥቁ ነው፤ ወርቁም በዚያ በኩል ይታያል። ወንዝ ዳር ተቀምጦ በውሃ ጥም የሚሞት የለም። ስለዚህ «አባይ» ወንዝ ብቻ አይደለም።

ስንጥቁ ሁልጊዜ በነገሩ ላይ አይመጣም፣ በግሡ ላይም ይመጣል፦

ከሳሽ ከተከሳሽ ሸንጎ ላይ ቢቆሙ፣
ካሳ ካልመጣልኝ መች ይደርቃል ደሙ።

ሰሙ የደም ካሳ ነው፤ ችሎት ቆሞ መካሰስ ብቻውን በቂ አይደለም፣ የሟች ወገን ካሳ ካላገኘ ደሙ አይደርቅም ይላል። ግን ካሳ ይከፈላል፣ ይቆረጣል፣ ይሰጣል እንጂ «መጣልኝ» ይባላል? የሚመጣው ሰው ነው። ግሡ ነው ያጋለጠው። ካሳ የሰው ስም ነው፤ ያውም በሞተ ልጅ ምትክ ለተወለደ ልጅ የሚወጣ ስም ስለሆነ ሁለቱ ፍቺዎች ከሥሩ የተገናኙ ናቸው።

ሁለተኛው ፍቺ ሲገኝ አንድ ፈተና ሳያደርጉ አይለፉ፦ ጾታው፣ ቁጥሩ፣ ሰዋስዉ በሁለቱም ፍቺ መቆም አለበት። «ካሳ ካልመጣችልኝ» ቢል ኖሮ ወርቁ ወንድ ሊሆን አይችልም ነበር። በአንዱ ፍቺ የሚቆም፣ በሌላው የሚንገዳገድ ስንኝ ኅብር (ድርብ ፍቺ) የለውም፤ እርስዎ ነዎት የሰጡት።

5. ምን ዓይነት ድብቅነት ነው?

ስሙን ማወቅ አፈታቱን ያቀላል። ኅብረ ቃል ሲባል አንዱ ቃል ሁለቱን ፍቺ ተሸክሟል ማለት ነው፤ እንደ ካሳ፣ እንደ አባይ። «አልጋ»ም እንዲሁ ነው፤ የመኝታው አልጋና የመንግሥቱ አልጋ ስላሉ የፍቅር ዘፈን መስሎ «አልጋው ላይ ማን ወጣ» የሚለው የዙፋን ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ቃሉ ሲቆረጥና ሲቀጠል የሚወለድ ኅብርም አለ፤ ይህን የሚይዘው ዐይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ሰምና ወርቅ ራሱ ደግሞ ማነጻጸሪያው ከነባለቤቱ ስንኙ ውስጥ ሲኖር ነው። ውስጠ ወይራ ግን ምንም የተደረበ ቃል የለውም፤ ላዩ ተራ ንግግር፣ ውስጡ ጠንካራ ነው። «ቆላ ወረደ»፣ «ዱር ገባ» ሲባል ቃሉ አይደረብም፤ ሸፈተ ማለት እንደሆነ ሰሚው ያውቃል፣ አበቃ።

ውስጠ ወይራን ከመዝገበ ቃላት ማውጣት አይቻልም። ከሰው ነው የሚገኘው።

ስለ መጀመሪያው ስንኝም ማስጠንቀቂያ አለ። በሕዝብ ግጥም ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ ብዙ ጊዜ ቤት መምቻ ነው፤ ስለ ጤፍ፣ ስለ ገደል፣ ስለ በቅሎ ይናገርና ሁለተኛው ስንኝ ዋናውን ነገር ይጥላል። ከእያንዳንዱ ጤፍና በቅሎ ምስጢር ለመጭመቅ መታገል ጊዜ ይበላል፣ ግጥሙንም ያበላሻል።

6. ወደ ታሪክ የሚጠቁሙ ምልክቶች

ጎንደር ላይ ይህ ክፍል ሰፊ ነው። ከተማዋን ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ መናገሻ ካደረጓት ጀምሮ ስንቱ ነግሦባታል፣ ስንቱ ተቃጥሎባታል። ስንኙ የሰውየውን ስም አይጠራም፤ የሚጠራው ፈረሱን፣ አገሩን፣ ስመ መንግሥቱን ነው።

የፈረስ ስም፦ «ታጠቅ» ሲል ትእዛዝ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም ግን አባ ታጠቅ ነው። አባ በዝብዝ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ አባ ዳኘው ዐፄ ምኒልክ ናቸው። «ዳኘው» እና «ዳኘ»፣ «በዝብዝ» እና «በዘበዘ» በስንኝ ውስጥ ምን ያህል እንደሚመቹ ማየት አያዳግትም።

ስመ መንግሥት፦ የጎንደር ነገሥታት ስም «ሰገድ» ላይ ያልቃል። ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ልጃቸው ቀዳማዊ ዮሐንስ አእላፍ ሰገድ፣ ታላቁ ኢያሱ አድያም ሰገድ፣ በካፋ መሲሕ ሰገድ ይባላሉ። «ዓለም ሰገደለት» የሚል ስንኝ ለወዳጅ የተባለ ሙገሳ ቢመስልም ጎንደሬ ጆሮ ፋሲልን ሊሰማበት ይችላል።

የአገር ስም፦ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚቸኩለው። «ቋራ» ሲሰማ ቴዎድሮስ ይላል። እውነት ነው፣ ቴዎድሮስ የቋራው ካሳ ናቸው፤ ግን ከእሳቸው አንድ መቶ ዓመት ቀድማ ጎንደርን ያስተዳደረችው እቴጌ ምንትዋብም የቋራ ሰው ናት። «ካሳ» ሲልም እንዲሁ፦ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ይባሉ ነበር፣ ካሳ ምርጫ። ስለዚህ «ካሳ» ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። አጠገቡ ቋራ፣ መይሳው፣ ታጠቅ፣ መቅደላ ካለ የኃይሉ ልጅ (ቴዎድሮስ) ነው፤ በዝብዝ፣ መተማ ካለ የምርጫው ልጅ (ዮሐንስ)። «እቴጌ» ምንትዋብም ጣይቱም ልትሆን ትችላለች። «ሚካኤል» ደግሞ መልአኩ፣ ወይም በዘመነ መሳፍንት መባቻ ንጉሥ ያስገደሉት ራስ ሚካኤል ስሑል፣ ወይም የወሎው ንጉሥ ሚካኤል። «ቴዎድሮስ» የሚለው ስም ራሱ ከንጉሡ በፊት በትንቢት የሚጠበቅ ንጉሥ ስም ነበር፤ ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ የወሰዱትም ስለዚህ ነው። «ቴዎድሮስ ይመጣል» የሚል ስንኝ ያለፈውን ሳይሆን የሚመጣውን ሊጠራ ይችላል።

ዘመን፦ ስንኙን ከመጽሐፍ ጋር ሲያመሳክሩ አቆጣጠሩን ይጠንቀቁ። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጅ 1868 ይለዋል። ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ያቃጠለው በ1880 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ሁለቱን አቆጣጠር ያደባለቀ ሰው የሞተ ንጉሥ ሲዘምት ያያል።

ደርቡሽን ካነሳን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከቃጠሎው ያተረፈው የንብ መንጋ እንደሆነ በጎንደር ይተረካል። ስለዚህ ጎንደር ላይ «ንብ» ሁልጊዜ ማር ሰሪ ብቻ አይደለችም። «አርባ አራቱ» ሲልም ቁጥር አይደለም፤ የጎንደር አርባ አራቱ ታቦት ነው።

7. «አንድም» ብለው ይደርድሩ፣ ምስክር ይቁጠሩ

ጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የመጻሕፍት ትርጓሜ ያደገባት ከተማ ናት። ሊቃውንቱ አንድን ቃል ሲፈቱ አንዱን ፍቺ ይዘው ሌላውን አይጥሉም፤ «አንድም… አንድም…» እያሉ ያስቀምጣሉ። ለዘፈንም ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ሌላ ቦታ የሚታየው ስሕተት «ዘፈኑ ማለት የፈለገው ይህ ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ነው።

እያንዳንዱን ፍቺ በአንድም ይጻፉ፤ ከሥሩ ስንኙ ውስጥ ያለውን ምስክር ይጥቀሱ። ሕጉ፦ አንድ ምስክር ብቻ ያለው የታሪክ ፍቺ ግምት ነው፤ ሁለት ምስክር ያለው ይቆማል። ምስክሩ ከዋናው ኅብረ ቃል ሌላ መሆን አለበት። ይህን እንሞክርበት፦

ደብረ ፀሐይ ወጥቼ ጨለማ ቢውጠኝ፣
ምን ትዋብ እላለሁ ማን መብራት በሰጠኝ።

ሰም፦ ሰውየው ኮረብታ ወጥቶ መሸበት፤ የሚያፈቅራትን እያደነቀ መብራት የሚሰጠው ይፈልጋል።

ስንጥቅ፦ ስሙ ፀሐይ በሆነ ቦታ ጨለማ ዋጠው። ከዚያም መንገድ የጠፋው ሰው ስለ ቁንጅና ያወራል።

ኅብረ ቃል፦ «ምን ትዋብ» ሲቀጠል ምንትዋብ።

አንድም፦ እቴጌ ምንትዋብን ይጠራል። ምስክር 1፣ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እሷ ያሠራችው ደብርና ቤተ መንግሥት ነው። ምስክር 2፣ «መብራት» ይላል፤ ስመ መንግሥቷ ብርሃን ሞገሳ ነው። ሁለት ምስክር ስላለ ይቆማል።

አንድም፦ ጨለማው የደርቡሽ ዘመን ቃጠሎ ነው፤ ቁስቋም ከተቃጠሉት አንዷ ናት። ምስክሩ ቦታው ብቻ ነው። በግምት ይያዝ።

አንድም፦ አንዲት ቆንጆ የቁስቋም ሰፈር ልጅ ናት፣ ሌላ ምንም የለም። ይህ ፍቺ ሁልጊዜ መጻፍ አለበት። ብዙ ዘፈን በእውነት የፍቅር ዘፈን ነው።

የካሳውንም ስንኝ በዚህ መንገድ ቢያዩት ደስ የማይል ነገር ይወጣል። አንድም፣ ቴዎድሮስ ተመልሶ ይፍረድ የሚል ናፍቆት ነው። አንድም፣ የተገላቢጦሽ ነው፦ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፉትና ያቃጠሉት ራሳቸው ቴዎድሮስ ስለሆኑ ከተማዋ ከካሳ ካሳ ትጠይቃለች። ጎንደር ቴዎድሮስን ትወዳቸዋለች፣ ቁስሏንም ታስታውሳለች። ስለ እሳቸው የሚባል ስንኝ ሁለቱንም ሊይዝ እንደሚችል የረሳ ተርጓሚ ግማሹን ጎንደር ትቷል።

8. ዜማውንና አጋጣሚውን ይዩ

አንዱ ስንኝ በትዝታ ሲዜም ናፍቆት ነው፤ «ዘራፍ» ተብሎ በፉከራ ሲወጣ ዛቻ ይሆናል፤ ልቅሶ ቤት በሙሾ ሲወርድ የሟች ታሪክ ነው። ደብተርዎ ላይ ቅኝቱን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ) እና የተዘፈነበትን ቦታ ይጻፉ። ሠርግ ላይ «ደም» ሲነሳና ቀረርቶ ላይ ሲነሳ አንድ አይደለም። «አንቺ» እየተባለች የምትጠራዋም ሰው ላትሆን ትችላለች፤ ጎንደርም አገርም በአንቺ ነው የሚጠሩት።

9. ሰው ሲጠይቁ መልሱን አይስጡ

ፍቺውን ይዘው ሄደው «ይህ ስለ ምንትዋብ ነው፣ አይደል?» ካሉ ይሉኝታ የሚይዘው ሽማግሌ «አዎ ልጄ» ይልዎታል። ምንም አላገኙም። ስንኙን ብቻ ያሰሙና «ይህን ሲሰሙ ማን ይታሰብዎታል?» ብለው ዝም ይበሉ። ዝምታው ይርዘም፤ መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውየው ስንኙን ራሱ ደግሞ ካዜመው በኋላ ነው። ቅኔ አስተማሪ ጋ ከሄዱ «የኔታ» ብለው፣ ትምህርት በማይሰጥበት ሰዓት፤ አዝማሪ ጋ ከሄዱ ገበያ ከመድረሱ በፊት። ሲቀዱ ያስፈቅዱ። ቢያንስ በዕድሜም በሰፈርም የሚለያዩ ሦስት ሰዎች ይጠይቁ፤ ሦስቱ አንድ ቦታ የተማሩ ከሆኑ እንደ አንድ ይቆጠሩ።

የሚሰጥዎትን ፍቺ የነገረዎት ሰው ፍቺ አድርገው ይመዝግቡ። በተለይ በሕይወት ያለ ዘፋኝ ሲሆን «ዘፋኙ እገሌን ነካ» ብሎ መጻፍ ሰውን ችግር ላይ ይጥላል፤ «ሰሚው እገሌን አስታወሰበት» ማለት እውነቱም ነው፣ ደህንነቱም። የኅብር አንዱ ሥራ ተናጋሪውን መሸሸግ ነው፤ የገጠመው ሰው የዘጋውን በር እርስዎ ከነስሙ አይክፈቱበት።

10. ተስፋ ሲያስቆርጥ

ስንኙ አልፈታ ካለ ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ አንድ የተሳሳተ ፊደል ነው። ቀጥሎ ያለፈውንና የሚከተለውን ስንኝ አብረው ያንብቡ፤ አንዳንድ አዝማሪ ሰሙን በአንዱ ቤት ጥሎ ወርቁን በሦስተኛው ያነሳዋል። ሌላ ሰው ሲዘፍነው ይፈልጉ፦ አንዱ «ምን ትዋብ» ብሎ ሲቆርጠው ሌላው በአንድ ትንፋሽ «ምንትዋብ» ሊለው ይችላል፣ ያኔ ክርክሩ ያልቃል። ይህም ካልሆነ ገጹን ባዶ ትተው ቀኑን ይጻፉበት፤ የሚቀጥለው ጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛው ዳር ሕዝቡ ሲጨፍር ያንኑ ስንኝ በሌላ አፍ ሊሰሙት ይችላሉ።